የኅዳር ጭስና የእናቴ ትንፋሽ

በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ከመሥሪያ ቤት እወጣለሁ። መሥሪያ ቤቴ አትላስ አካባቢ ነው፣ ቤቴ ደግሞ ሰሚት፤ ታክሲ ቶሎ ካገኘሁ ጭሱ ሳይጀምር እደርሳለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። የጭስ ፈቃድሽ ደረሰ ወይ ይለኛል፣ ደረሰ እለዋለሁ፣ በዚያው እንለያያለን። ባልደረቦቼ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ የእናቴ ደረት ሲያፏጭ ሰምተው አያውቁም።

አዲስ አበባ ላልኖረ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ኅዳር ሲታጠን የሚባል ቀን አለን። በአያቶቻችን ዘመን በኅዳር ወር ክፉ ወረርሽኝ ገብቶ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ግቢውንና ደጁን ይጠርጋል፣ የተጠረገውን ቆሻሻ ይከምርና እሳት ይለቅበታል። ጭሱ በሽታውን ይዞት ይሄዳል ነው ነገሩ። አመሻሹ ላይ ከተማዋ በሙሉ ትታጠናለች፤ ከአንዱ መንገድ ወዲያ ያለው ሕንፃ አይታይም። አሁን አሁን ቆሻሻው ይነሳ እንጂ አይቃጠል የሚል ምክር በሬዲዮ ይሰማል። እኛ ሰፈር ግን ያንን ሬዲዮ የምሰማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እናቴ አስም አለባት። ወሎ ሰፈር ጋራዥ አጠገብ ስንኖር፣ መኪና ቀለም በሚቀቡበት ቀን ሁሉ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። ስለዚህ የሰሚቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን ከቤቱ ይልቅ ያስደሰተኝ አየሩ ነው። አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ሊፍት የለም። እናቴ ደረጃውን በየፎቁ እያረፈች ትወጣለች፤ ባረፈችበት ሁሉ ከሰው ጋር ወግ ትጀምራለች፤ ሱቅ ወርደሽ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅብሻል እያልኩ እቀልድባታለሁ። ከጀርባችን ሰፊ ባዶ መሬት አለ። ድሮ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ለሕንፃ ተብሎ በቆርቆሮ ታጠረ፣ ሕንፃውም አልመጣ፣ ጤፉም አልተመለሰ። ክረምት ሲወጣ ሣሩ የሰው ቁመት ያክላል፣ ኅዳር ላይ ደርቆ በነፋስ ይንሿሿል። ጥግ ላይ ጥቂት ባሕር ዛፎች ቀርተዋል። ሰው በአጥሩ ላይ አሻግሮ የጣለው አሮጌ ፍራሽና የመኪና ጎማም ሞልቶበታል።

የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ከታች ሆነው ሲናገሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ስልክ ማነጋገር አይቻልም። ኅዳር ሲታጠን የእሳቸው ቀን ነው። ጠዋት ሚካኤልን ስመው ይመለሳሉ፣ ነጠላቸውን አስቀምጠው አሮጌ ኮት ይለብሳሉ፣ ከዚያ በየብሎኩ እየዞሩ ሰውን ለጠረጋ ያስወጣሉ። የማይወጣ የለም፤ እሳቸውን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከየብሎኩ ፊት፣ መኪና መግቢያው መሃል ላይ፣ አንድ አንድ ክምር ይቆማል። የመጀመሪያውን ክብሪት የሚጭሩት እሳቸው ናቸው።

ከእሳቸው ጋር በየዓመቱ እንጣላለን። ዋዜማው ላይ በመልካም አፍ እጀምራለሁ፤ አረጋዊ ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ፣ እናቴ ታማሚ መሆኗን እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም ጭስ ሰው እንደማይገድል፣ የገጠር ሰው ሁሉ ጭስ ውስጥ አድጎ እንደሚያረጅ በትዕግሥት ያስረዱኛል። በማግስቱ ጭሱ ሲነሳ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ከፊት ለፊት ባለው የጋራ ኮሪደር ላይ እወጣና ወደ ታች እጮኻለሁ። በሽታ አባራለሁ ብላችሁ በሽተኛዋን ልትገድሉ ነው ወይ እላለሁ፣ ሌላም ሌላም እላለሁ፤ እዚህ የማልጽፈውም አለበት። ከታች ያሉት ቀና ብለው ያዩኝና እጃቸውን ያውለበልባሉ። «የጭስ ሚኒስትሯ ወጣች» ይባባላሉ። እንዲያውም ሳልጮህ ብቀር ኅዳሩ የታጠነ የማይመስላቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ጩኸቴን ጨርሼ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። መስኮት ሁሉ ይዘጋል። በየበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይጠቀጠቃል። ምድጃ አይለኮስም፣ ምንም አይጠበስም፣ የቤቱን አየር ከውስጥም እንዳናበላሸው። እናቴ ወደ ኋላ መኝታ ቤት ትገባለች፤ ከእሳቶቹ የሚርቀው ክፍል እሱ ነው። ፓፏ፣ በአፏ የምትስበው የአስም መድኃኒት፣ ትራሷ አጠገብ ይቀመጣል። አፍንጫ ላይ እርጥብ ጨርቅ መያዝ ብቻውን ደቃቁን ጭስ እንደማይመልስ አንዲት ነርስ ነግራኛለች፣ ስለዚህ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ወፍራሙን ማስክ አወጣላታለሁ። ከዚያ ቁጭ ብለን ጭሱ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጸልያለች፣ እኔ ሊቀመንበሩን አማለሁ። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

ይህ የምጽፈው የሆነው ከነዚህ ዓመታት በአንዱ ነው። ነፋሱ ከወትሮው ይበረታ ነበር። ጮኼ፣ ተስቆብኝ፣ በሬን ዘግቼ ገባሁ። እናቴ የኋላ ክፍል አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ትንሽ ቆይታ ማሳል ጀመረች። ፓፉን ሳበች። ሳሏ አልቆመም። ያኔ ነው የክፍሉ ሽታ ልክ እንዳልሆነ የታወቀኝ፤ ጭሱ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከራስጌዋ መስኮት ሥር ነበር የሚገባው። መጋረጃውን ገለጥኩ። ሜዳው እየነደደ ነበር።

የሚነደው ሣሩ ነው። እሳቱ ከአጥሩ ጥግ ተነስቶ በሰፊው ወደ እኛ ይመጣል፣ አንደኛው ባሕር ዛፍ ከላይ እስከ ታች ተያይዟል፣ ከጎማዎቹ የሚነሳው ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ፎቃችንን ይመታዋል። ከአንዱ ክምር የተነሳ ፍም በነፋስ ተሻግሮ መሆን አለበት። ከአራተኛ ፎቅ ሁሉም ነገር ይታያል። መሬት ላይ ላለ ሰው ግን የሚታየው ቆርቆሮው አጥርና ከበላዩ ያለው ጭስ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ጭስ አይቶ የሚደነግጥ የለም። በኋላ እንደተነገረኝ የእኛ ብሎክ ሰዎች ከወዲያኛው ብሎክ የሚመጣ ነው ብለዋል፣ የወዲያኞቹም የእኛ መስሏቸዋል። እንዲያውም ዘንድሮ እነዚያ በለጡን ብለው በራሳቸው ክምር ላይ የጨመሩም ነበሩ።

ለእሳት አደጋ ደወልኩ። የቆሻሻ ክምር እንዳልሆነ፣ የታጠረ ሜዳ እንደሆነና ወደ መኖሪያ ቤት እየተጠጋ እንደሆነ በደንብ አስረዳሁ፤ በዚያ ቀን ጭስ አለ ማለት ብቻ ምንም እንደማይነግራቸው ገብቶኛል። እንመጣለን አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ስዞር እናቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ወደፊት ጎንበስ ብላ፣ አየር ትለምናለች። ፓፉን ደጋግሜ ሰጠኋት። ከንፈሯ መልኩን ቀይሮ አመድ መሰለ። «ልጄ» አለች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ለማውጣት ትንፋሽ አጣች። እናቴ ወሬ ጀምራ ስታቋርጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤት ውስጥ ተዘግቶ መቆየት የማውቀው መፍትሔ ነበር፤ አሁን ግን መቆየት አይቻልም። ጤና ጣቢያ የሚያደርሰን መኪና ብጠራ አንዱ ሾፌር እስከ ሰፈሩ መግቢያ መጥቶ ደወለልኝ። መንገዱ ሁሉ እሳት በእሳት ነው እህቴ፣ ነዳጅ የያዘ መኪና በዚህ ላይ አልነዳም ብሎ ይቅርታ ጠይቆኝ ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ሜዳው እየነደደ ነው፣ እሳት ነው ብዬ ጮኽኩ። ከታች ሳቅ መለሰልኝ። አንዱ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እናውቃለን፣ እኛ ነን ያነደድነው!» አለኝ። ለዓመታት የጮኽኩት ጩኸት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ዞሮ አፌን ዘጋው። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጩህ? በዚያ ቀን እሳት ነው ስል ሰው እንዳይሰማኝ ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ እነሱም ለመሳቅ ምክንያት ነበራቸው።

ሊቀመንበሩ ከክምሩ አጠገብ መቆስቆሻ እንጨት ይዘው ቆመዋል። የብረቱን መደገፊያ ያዝኩ። ድምፄ ቀጥኗል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ» አልኳቸው።

ሰማሁሽም፣ ምን ሆንሽም አላሉም። እንጨቱን ጣሉትና ወደ ደረጃው ገቡ። ያን ሁሉ ደረጃ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደወጡት አላውቅም፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እሳቸውም እንደ እናቴ ያለከልካሉ። እናቴን አዩ። መስኮቱን አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ወደ ኮሪደሩ ተመልሰው ወደ ታች ያሰሙት ድምፅ፣ ስንት ዓመት ያማረርኩበት ያ ድምፅ፣ ያን ጊዜ መድኃኒት ሆነልኝ። ሜዳው መያያዙን ነገሯቸው፤ በኋላ በኩል ያሉ ቤቶች ሰው እንዲያወጡ፣ ውኃ ያለው ወደ አጥሩ እንዲሄድ፣ ሦስት ጠንካራ ሰው ወደ ላይ እንዲመጣ አዘዙ። እኛ ነን ያነደድነው ያለኝ ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነበር።

ምድር ቤት ሱቅ ያላት ከወሎ የመጣች ነጋዴ አለች። ለእናቴ ከሁሉም የምትቀርብ ጎረቤት እሷ ናት፤ እናቴ ከደረጃው በታች የምታርፈው እሷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። የሱቋን የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ራሷ ወጣች። መኪናዬን አስነስቼዋለሁ፣ እማማን አምጡልኝ ብላ ተመልሳ ወረደች። እናቴን ማስኩን አድርገንላት ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት፣ አራቱ ወንዶች አራቱን እግር ያዙ። ሊቀመንበሩ የፊተኛውን ይዘው የኋሊት ይወርዳሉ። ደረጃው ጭሱን እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ዓይን አይገለጥም። እኔ የእናቴን ጀርባ ደግፌ ቀስ፣ ቀስ እላለሁ።

መሃል ላይ እጅ ሊቀያየሩ ቆም ሲሉ ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ስትሰድቢኝ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «እባክዎ ስትይኝ ነው የደነገጥኩት።» ወንበሩን አነሱና መውረዳችንን ቀጠልን።

ነጋዴዋ እናቴን የፊት ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ ማስተኛት ትንፋሹን ያብስባታል አለች፤ ልጇም አስም አለበት። መስኮቱን ሁሉ ዘጋች፣ የውጭ አየር የሚያስገባውንም ዘጋች። እኔ ከኋላ ገባሁ። መኪናዋ ትንሽ ቪትዝ ናት። ከብሎካችን ፊት ያለው ክምር ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ነበር። ከእሱ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ፤ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በየብሎኩ ፊት እሳት ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ከመኪናዋ ፊት ሆነው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። በጫማቸው ፍሙን ወደ ዳር ይገፋሉ፣ በእጃቸው ያልነደደውን ካርቶን እየጎተቱ ይጥላሉ። «አጥፉት! በሽተኛ አለ፣ አጥፉት!» ይላሉ። ጠዋት ጥረጉ ብለው ያስወጡት ሰው ሁሉ አሁን አጥፉ ሲሉት አፈጠጠ። በኅዳር ሲታጠን ቀን፣ ገና ጨሶ ሳያልቅ፣ እሳት ይጠፋል ብሎ የገመተ የለም። ቀጥሎ ግን ከመስታወቱ ኋላ የእናቴን ፊት አዩ። የሚያውቋት ናት፤ በየደረጃው የምታወራቸው ናት። ጄሪካን ይዞ የሚሮጥ፣ አካፋ የሚያመጣ፣ በእግሩ የሚረግጥ፣ መንገዱን ሞላው። አንዷ ሴትዮ ለዕቃ ማጠቢያ ያስቀመጠችውን ውኃ ከነባሊው ደፋችው። እሳቱ እየተከፈለልን፣ መኪናዋ በእንፋሎትና በአመድ መሃል እየተንቀረፈፈች፣ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው አለፍን። የእናቴን ትከሻ ከኋላ ይዣለሁ። ደረቷ ማፏጨቱን ሊያቆም ምንም አልቀረውም፤ አስም ያለበት ሰው ዘመድ እንደሚያውቀው፣ ማፏጨቱ ሲጠፋ ነው ይበልጥ የሚፈራው። እንዳትሞትብኝ ብዬ ለመንኩ፤ እግዜርን ይሁን እሷን የለመንኩት አላውቅም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የእሳት አደጋ መኪናው ወደ ሰፈራችን ሊታጠፍ ነበር። እኛ በወጣንበት በዚያው በተከፈተው መንገድ ገባ። ሊቀመንበሩ በኋላ መስታወት ውስጥ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ሜዳው ሲመሩት አየሁ። ከዚያ ታጠፍንና ከዓይኔ ጠፉ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ገና ሳንነግራት አወቀች። ያን ቀን የመጣነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ጭስ የጠጣ ልብስ የለበሰ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ብላ ሹራቤን ውጭ አስወልቃኝ፣ አንድ ነጭ ገዋን ሰጠችኝ። እናቴን ኦክስጂን አደረጉላት፣ በጭንብል የሚተነፈሰውን መድኃኒት ሰጧት፣ መርፌም ወጓት። ነጋዴዋ ከበሩ ውጭ ሆና በከንፈሯ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ጥፍሯን እመለከታለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ ያ ፉጨት ተመለሰ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት ድምፅ፤ ስሰማው እንባዬ መጣ። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ወረደ። የጥፍሯ መልክ ተመለሰ። ጭንብሉን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ቤቱን ዘግተሽው ነው የመጣሽው ብላ ጠየቀችኝ። ነርሷ ሳቀች። በሩን ወለል አድርጌ ትቼው እንደመጣሁ አልነገርኳትም።

የምሥራቹን ለነጋዴዋ ልነግር ስወጣ ሊቀመንበሩ መጥተው ነበር። እሳቱ ጠፍቷል፣ ማንም አልተጎዳም ብለው ለእሷ ነግረዋታል፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። ከግቢው በር አጠገብ፣ ከሰው ርቀው ቆመዋል። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለውታል፣ በስስ ሸሚዝ ብቻ የኅዳር ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። የጫማቸው ጫፍ ተቃጥሏል። አጠገባቸው ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ነው፤ አልተቀመጡበትም።

ለምን እንደማይገቡ ጠየቅኳቸው።

«እሸታለሁ» አሉ። «ኮቴን ባወልቅም ሸሚዜ ይሸታል፣ ፀጉሬም ይሸታል። በእኔ ምክንያት ደግሞ እንዳያስላቸው።» ከዚያ ከሁሉ የፈሩትን ጠየቁ። «ተነፈሱ?»

ተነፈሰች አልኳቸው። በአንድ እጃቸው አጥሩን ያዙ። ከዚያ እንዲህ ያለ ድምፅ አላቸው ብዬ ባላሰብኩት ቀጭን ድምፅ፣ በዚያ በኅዳር በሽታ ጊዜ አባታቸው ሕፃን እንደነበሩ ነገሩኝ። ከቤቱ ሰው ሁሉ አባታቸው ብቻ ነበሩ የተረፉት። ያሳደጓቸው ሰዎች ያተረፈህ ጭሱ ነው፣ ደጅህን ማጠን እንዳትተው ብለዋቸው ኖሩ፤ አባትም ያንኑ ለልጃቸው አወረሱ። ሊቀመንበሩ ሰፈር በቀየሩበት ሁሉ ሲያጥኑ የኖሩት ሰው እንዲተርፍ ነው። ይህን ሲነግሩኝ አልተከላከሉም፣ ይቅርታም አልጠየቁም፤ ብቻ ነገሩኝ።

«አሁን እናትሽን እንዲህ ያደረጋቸው ጭሱ ነው አይደል?» አሉኝ።

ለዚህች ጥያቄ ስንት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ። ከአትላስ እስከ ሰሚት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የምላቸውን ቃል በቃል ሳወጣና ሳወርድ ኖሬያለሁ። ያ ሁሉ ቃል አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ ሰውየው እዚያ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሲያዩኝ ግን አንጀቴን በሉት። ነፋሱ ነው፣ የእግዜር ነገር ነው ብዬ ልዋሻቸውም ከጀለኝ። እሱም አልሆነልኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር አለ።

«ጭሱ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ከጭሱ ያወጧት ግን እርስዎ ነዎት።»

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ያለ ድምፅ አለቀሱ። የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ መሰለኝ። አጠገባቸው ቆምኩና ሁለተኛውን እንደገና ነገርኳቸው፣ ቀና ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ደጋግሜ ነገርኳቸው።